ለላቦራቶሪ የተቦካው ኮንክሪት

ሰው ሁሉ ጋሽ ውሃልክ ይላቸዋል። ፎርማን ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፌሮ ሲያሳስሩ፣ የጣሪያ ሶሌታ ሲያስሞሉ፣ በግንበኛና በቀን ሠራተኛ ላይ ሲጮሁ ኖረው፣ ወገባቸው እምቢ ሲል ቤት የዋሉ ፎርማን። ቤት ዋሉ ማለት ግን አረፉ ማለት አይደለም። ለቅሶ ቤት ገና ከመቀመጣቸው አንዱ ጠጋ ይልና፣ «ጋሼ፣ ጊዜው አይደለም ግን፣ ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን የሚለየውን ግድግዳ ባፈርሰው ምን ይሆናል?» ይላቸዋል። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ምላጩን አንገታቸው ላይ እንዳሳረፈ፣ «አንድ ፎቅ ብጨምርበት መሠረቱ ይችላል?» ይላል። ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው ምን ይመልሳል? ይችላል ነው እንጂ።

«ኧረ እኔ መሐንዲስ አይደለሁም» ብለው ነበር በፊት። ማን ሰምቷቸው! ስለዚህ መልሳቸውን አዘጋጅተው መዞር ጀመሩ። አዲስ ኮንክሪት? ሰባት ቀን ውሃ አጠጣው፣ ከሰነፍክ እርጥብ ጆንያ አልብሰው። ግድግዳ? ቤቱን የተሸከመውን ዓምድና አግዳሚ፣ ኮለንና ቢሙን፣ ካልነካህ አፍርስ፤ ከነካህ ግን አንተ ነህ የምትፈርሰው። ስንጥቅ? እንደ ፀጉር ከቀጠነ ልስን ነው፣ ተወው። ሰዉ አመስግኖ ይሄዳል፣ እሳቸውም ሳያዩ በመለሱት መልስ ልባቸው ትንሽ እየደከመ ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

አንድ ጧት ልጃቸው ደወለች።

«አባባ፣ መኝታ ቤቴ ስንጥቅ አውጥቷል።»

«ልስን ነው፣ ተይው» አሏት፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ።

«ግድግዳው አይደለም እኮ፤ ቢሙ ነው። ከኮለኑ ይነሳና በሰያፍ ወደ ላይ ይወጣል። ሳንቲም ያስገባል።»

ይሄኔ ተነስተው ተቀመጡ።

ያንን ሕንፃ ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ልጅቷም ስንት ቤት እያለ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ያንን የመረጠችው ለዚሁ ነው። «አባቴ ነው የሠራው» እያለች አፏን ሞልታ ስታወራ፣ በሷ ቃል ሁለት ጓደኞቿ ከነቤተሰባቸው መጥተው እዚያው ገብተዋል። የማታውቀው ነገር ቢኖር፣ ያ የሷ ጣሪያ ከነቢሙ የተሞላ ቀን ዝናብ እንደነበረ፣ ሲሚንቶው እንዳነሰ፣ ተቋራጩም ዛሬ ካላለቀ ብሎ ቁሞ እንደጨቀጨቀ ነው። ቶሎ እንዲፈስ ውሃ ጨመሩበት፣ ሲሚንቶው እንዲበቃም አሳሱት።

ታዲያ ምርመራ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። አለ እንጂ! ከሚሞላው ኮንክሪት ላይ ተቀንሶ በትንንሽ የብረት ሣጥን ይሞላና፣ ሲደርቅ ላቦራቶሪ ወስደው ጨፍልቀው ጥንካሬውን ይለካሉ። ጋሽ ውሃልክ ግን የላቦራቶሪውን ለብቻ ነበር የሚያቦኩት፤ በአንዲት ጋሪ፣ ሲሚንቶውን ሳይሰስቱ፣ በገዛ እጃቸው። «ለፈተና የሚሄድ ልጅ ፊቱን ታጥቦ ነው የሚሄደው» ይሉ ነበር፣ ሠራተኛውም ይስቃል። ተንኮል አልነበረም፣ ልማድ ነው። እሳቸውም ከአለቃቸው ነው የተማሩት፤ አለቃቸውም ከሌላ።

የዚያኑ ቀን ሄዱ። ደረጃው ላይ አንዲት ጎረቤት አስቁማ፣ «ደህና ነው አይደል ጋሼ?» አለቻቸው። «ደህና ነው» አሉ። አፋቸው ለምዶት ነው፤ ወዲያው ግን አፈሩ። ስንጥቁ ላይ ጄሶ ለጠፉና ቀኑን በእርሳስ ጻፉበት። ቢሙ ካልተንቀሳቀሰ ጄሶው እንዳለ ይቆያል፤ ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቃል።

በዘጠነኛው ቀን ጄሶው ለሁለት ተከፍሎ አገኙት።

«ዕቃሽን አውጪ። እኔ ዘንድ ትከርሚያለሽ።»

«ሌሎቹስ?»

«አንቺ መጀመሪያ ውጪልኝ።»

«አባባ፣ እኔ ነኝ ያመጣኋቸው።» አልጮኸችም። «ምንድን ነው የምታውቀው?»

ነገሯት። ጋሪውን፣ ውሃውን፣ ሳቁን ሳይቀር ነገሯት። ልጅቷ ሰማችና ከቢሙ ሥር ካለው አልጋዋ ተነስታ በር አጠገብ ሄዳ ቆመች። እሳቸው ዓመቱን ሙሉ የሰው ቤት ሲመክሩ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው በገዛ ልጃቸው ቤት ደረሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጃቸውን ፈሯት።

«ተነስ፣ እንሂድ» አለች።

የሕንፃ ፈቃድ ቢሮው መሐንዲስ ወጣት ሴት ናት። ስለ ስንጥቁ ሲነግሯት የሕንፃውን ፋይል አውጥታ አገላብጣ ፈገግ አለች። «አባቴ፣ አይጨነቁ። የኮንክሪቱ ውጤት እኮ ግሩም ነው፤ ከሚፈለገው በላይ።»

«እሱን እኔ ነኝ ያቦካሁት።»

«ፊርማዎም አለበት።»

«ፊርማው የኔ ነው፤ ላቦራቶሪ የሄደው ኮንክሪትም የኔ ነው። እዚያ ሰው አናት ላይ ያለው ግን ሌላ ነው።»

ፈገግታዋ ጠፋ። «ይህንን በጽሑፍ ካስቀመጡ ያስጠይቅዎታል።»

«ያስጠይቀኝ የኔ ልጅ። እስክሪብቶ ስጪኝ።»

ጻፉ፤ ልጃቸው ወረቀቱን ያዘችላቸው። መሐንዲሷ ስልክ አንስታ ሕንፃው ዛሬውኑ እንዲለቀቅ አዘዘች። ጋሽ ውሃልክ አለቀ ብለው ባርኔጣቸውን ሲያነሱ፣ «ትንሽ ይቆዩ» አለቻቸው። «እንዲህ ለብቻ ያቦኩት ሌላ ሕንፃ አለ?»

መልሰው ተቀመጡ። በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር፤ ጣታቸው አልቆ እንደገና ከአውራ ጣት ሲጀምሩ መሐንዲሷ ሌላ ወረቀት ሳበች። ልጃቸው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

መሐንዲሷ መጻፏን አቁማ ጣሪያውን ቀና ብላ አየች። «ይሄኛውስ? ያለንበት?»

«አይ፣ ይሄን እኔ አይደለሁም ያሠራሁት» አሉ ጋሽ ውሃልክ።

እፎይ ብላ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ያሠራው ሥራውን ያስተማርኩት ነው» አሉ።