ጆንያ የሌለው ኤክስፖርት

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ካዛንቺስ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የኤክስፖርት ጉዳይ ሲከታተል ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። ስለዚህ እኛ ቤት የውጭ ምንዛሪ እንደ ዘመድ ነበር። ዜና ላይ ስሙ በተነሳ ቁጥር አባቴ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምራል፣ እናቴ በረጅሙ ትተነፍሳለች፣ እኔ ሳህኔን ይዤ ወደ ጓዳ እሸሻለሁ። ለእሱ አገር የሚያቆመው ቡና፣ ሰሊጥና ቆዳ ነው፤ ጆንያ ውስጥ ገብቶ፣ ተመዝኖ፣ ጂቡቲ ወርዶ መርከብ ላይ የሚጫን ነገር። የቀረው ሁሉ ወሬ ነው።

የዚህ ሰው ልጅ ሆኜ የወደድኩት ግን ሥራው በሙሉ ላፕቶፕ ውስጥ ያለ ሰው ነው።

እኛው ሰፈር ላንቻ፣ ከእኛ ቤት ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው የሚኖረው። የሚሠራው ስዊድን ላለ ኩባንያ ነው። የጥርስ ሐኪሞች ቀጠሮ የሚይዙበትን ፕሮግራም ይከታተላል። ፕሮግራሙ ሲበላሽ እዚያ ማዶ መንጋጋውን ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ላንቻ ያለውን ልጅ ይጠብቃል ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ፤ ታክሲ ውስጥ እንኳ ስቄ ሰው ገላምጦኛል። ጠዋት ለስብሰባ ሸሚዙን ይተኩሳል፣ ፀጉሩን ያበጥራል። ከወገቡ በታች ቁምጣና ነጠላ ጫማ ነው።

የሰፈሩ ሰው ይህን ከየት ያውቃል? እሱ የሚያውቀው፣ ማክሰኞ ጠዋት ቤቱ የተገኘ ጎልማሳ ሥራ ፈት መሆኑን ነው። እድራችን ደግሞ ሥራ ፈት ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፍም። ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳን የሚተክል ጉልበት ያስፈልጋል፤ ሌላው ወጣት ቢሮ ነው፤ ስለዚህ የእድሩ ሰብሳቢ በቀጥታ የእሱን በር ያንኳኳሉ። «ስብሰባ ላይ ነኝ» ቢላቸው ማን ያምነዋል? በቁምጣ? ደግሞ ትልቅ ሰውን እምቢ ማለት አያውቅበትም። ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ ይወጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ስሙ ቀርቶ «የድንኳኑ ልጅ» ሆነ።

«ምግባሩ እንዴት ያለ ነው!» ይል ነበር አባቴ ከለቅሶ በተመለሰ ቁጥር። «ምነው ሥራ ባገኘ።»

እኔ ከንፈሬን ነክሼ ወደ ጓዳ።

አንድ እሑድ ጠዋት ልጁ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥምና ሳሎኑ መሐል ቆመው ቀሩ። እኔ ከጓዳው በር ጀርባ ነኝ፤ እናቴ እንዳልወድቅ ይሁን እንዳልወጣ እንጃ፣ ክንዴን አንቃ ይዛለች። የልጁን ማንነት ተናገሩ። አባቴ ጠየቀ፤

«የድንኳኑ ልጅ?»

«እሱው።»

«ሥራውስ ምንድን ነው?»

ታላቁ ሽማግሌ ያጠኑት ነገር ሳይጠፋባቸው አልቀረም። «ሥራው... እቤቱ ነው» አሉ።

«እቤትማ እኔም እውላለሁ» አለ አባቴ። «ጡረታ ነው የምንለው።»

ጠይቄ ልወስን፣ ተመለሱ ብሎ ቀጠሮ ሰጣቸው። ቀጠሮ መስጠት ወጉ ነው፤ የአባቴን ድምፅ ግን አውቀዋለሁ። ምሳ ላይ ለእናቴ ሲነግራት በጆሮዬ ሰማሁ፤ «ሥራ የሌለው ልጅ መጨረሻው ቪዛ ነው። ይዟት ይሄዳል።» ሁለቱ ወንድሞቼ ለሥራ ብለው ውጭ አገር ሄደው በዚያው ቀርተዋል። ምግብ ጠረጴዛው ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። አባቴን ልናደድበት ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም።

ቀጠሮው ሳይደርስ ጎረቤታችን የነበሩ አዛውንት ዕድሜ ጠግበው አረፉ። ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ ንፍሮ ሳዞር፣ የኔው ሰው ድንኳኑን ተክሎ ጨርሶ ጥግ ላይ ተሸጉጧል። ላፕቶፑ የለስላሳ ሳጥን ላይ ነው፤ አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ፣ ሌላው ጆሮው ለእድሩ ሰብሳቢ። አባቴ ሌላ ወንበር ሞልቶ ሳለ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ። እኔም ትሪዬን ይዤ እነሱ ጋ ተራቸው ሳይደርስ ደረስኩ።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለው አባቴ።

«የስዊድን ቀጠሮ ተበላሽቶ ነው ጋሼ። የጥርስ ሐኪሞች።»

«ይከፍሉሃል?»

«አዎ፣ በየወሩ። የራሳቸውን ገንዘብ ትተው በዩሮ ይልኩታል፣ ማለቴ... ባንክ ገብቶ ነው የሚመነዘረው።»

አባቴ ዩሮ የሚለውን ሲሰማ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «አንተስ ከዚህ የምትልከው ምንድን ነው?»

«ሥራውን ነዋ።»

«በጆንያ?»

«ጆንያ የለውም ጋሼ።»

«ጂቡቲስ?»

«አያልፍም።»

«ጉምሩክ?»

«በቃ በኢንተርኔት ነው የሚሄደው።»

«ጉምሩክ የለውም!» ብሎ አባቴ ጮኸ። ድንኳኑ ሙሉ ዞረ። ጥግ ላይ የነበሩ ጆሮ የከዳቸው አንድ ሽማግሌ «አሜን» አሉ።

ከዚያ በኋላ ለሆንኩት አልጠየቅም። ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቅጥቄ ትከሻዬ ይርገፈገፋል፣ ንፍሮው መሬት ላይ ይዘንባል። አንዲት ጎረቤታችን መጥተው አቀፉኝ። «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ፣ «ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት።» ጭራሽ ባሰብኝ።

የዚያን ሳምንት እኛ ቤት ሌላ ወሬ አልነበረም። «ቡና ዝናብ ይፈልጋል፣ መንገድ ይፈልጋል፣ መርከብ ይፈልጋል» ይላል አባቴ። «ይሄ ልጅ መብራት ብቻ ነው የሚፈልገው!»

«እሱም ከተገኘ ነው» ትላለች እናቴ።

ደግሞ ያሰላስለዋል። ገንዘቡ ከዚያ ይመጣል፤ የሚበላው ግን እዚህ ነው። ላንቻ እንቁላል ይገዛበታል፣ ጎተራ ድረስ ለታክሲ ይከፈላል፣ ልብስ ሰፊው ይጠቀማል። በየቤቱ አንድ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖር አገሪቱ የት ትደርስ ነበር? መሥሪያ ቤቱ ጡረታ ባያወጣው ኖሮ በማግስቱ መመሪያ ያወጣለት ነበር። እኔ ተዳርኩ ብዬ ልቤ ይዘላል። አንድ ቀን ግን ዓይኑን ከዜናው ሳያነሳ እንዲህ አለ፤ «ጆንያ ከሌለው፣ በመጨረሻ የሚጫነው ልጁ ራሱ ነው።»

ልቤ ወረደ። ምክንያቱም ስዊድኖቹ ጠርተውታል። ቪዛውንም ቤቱንም እኛ እንጨርሳለን፣ ና ብለው ጽፈውለት ነበር። ይህን ወሎ ሰፈር ካፌ ቁጭ ብለን ነግሮኛል፤ እቤት ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ቆሙ። በዚህ ጊዜ በደንብ ተዘጋጅተዋል፤ ልጁ ወሎ ሰፈር ቢሮ ሊከራይ ነው፣ በሩ ላይ ታፔላ ይሰቅላል አሉ።

«ቢሮውን ተዉት» አለ አባቴ። «ስዊድኖቹ ወደዚያ ና ብለውት ያውቃሉ?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

ታላቁ ሽማግሌ መዋሸት አልፈለጉም። «ጠርተውት ነበር» አሉ። «አልሄድም አለ።»

«ምን ብሎ?»

«እሱ እንኳን...» አፍረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ድንኳኑን ማን ይተክላል ብሎ ነው የጻፈላቸው።»

አባቴ ሲስቅ አልሰማሁም፤ ወንበር ሲስብ ብቻ ነው የሰማሁት።

«ቆማችሁ ቀራችሁ እኮ! ተቀመጡ እንጂ!» አለ። ከዚያ ድምፁ ትንሽ ተሰበረ። «ሥራውን እንደ ልቡ ይላክ። ልጄን ግን ኤክስፖርት እንዳያደርግብኝ።»

እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ ወደ እኔ ስትዞር፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቅጥቄ ትከሻዬ ሲርገፈገፍ አገኘችኝ። ጎኔን ቆነጠጠችኝ።

«አንቺ ልጅ! ዛሬም ትስቂያለሽ?»

እየሳቅኩ አልነበረም።