ለጀብሪል ገላ

ጎረቤቴ ሁሪያ አንድ ልጅ ነበራት፤ የልጁ ቆዳ ደግሞ ደረቅ ነበር። ይህን ብዬ ባቆም የሕይወቷን ግማሽ ተናገርኩ ማለት ነው። ጀብሪል ከተወለደ ጀምሮ ገላው ቅርፊት ቅርፊት ይላል። ጥቅምት ገብቶ ንፋሱ ሲጀምር ክርኑና ጉልበቱ ይሰነጠቃል፣ ሲያከው ይደማል። ጤና ጣቢያ ቅባት ይሰጧታል፤ ቅባቱ እስካለ ይለሰልሳል፣ ሲያልቅ ይመለሳል። ባሏ ልጁ ሳይጠና ስለሞተ የሚያግዛት አልነበረም። እሷም እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም።

የራሷን መላ ፈጠረች። የቁርቁራ ቅጠል ጥላ ላይ አድርቃ ትወቅጣለች፣ በነጠላ ጫፍ ትነፋለች። የላመ የገብስ ዱቄት ትጨምርበታለች፣ ከመርሳ ገበያ በምትገዛው የሰሊጥ ዘይትና በጥቂት ማር ታሸዋለች። ከዚያ በጭብጧ እያድቦለቦለች ሰፌድ ላይ ታደርቀዋለች። አንዱን ድቡልቡል ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ሲጥሉት ቀስ ብሎ ይፈታል፣ ውኃው ይወፍራል፣ ዘይቱም ከላይ ይንሳፈፋል። ጀብሪል ከሳፋው ሲወጣ ገላው እንደ አራስ ልጅ ነው። የሠፈሩ ሴቶች ተረከዛቸው ሲሰነጠቅ እሷ ቤት ይሄዳሉ። እኔም ሄጃለሁ፤ የእኔ ተረከዝ ግን ለማንም የማይመለስ ነው።

ጀብሪል አድጎ ከመርሳ ወልድያ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆነ። አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጣና፣ "እማ፣ እዪ እስኪ፤ የፈረንጆቹ ድቡልቡል ውኃ ሲነካው ይፈላል!" አላት። ሁሪያ በፈረንጅ መበለጥን መቼ ትወድና! በማግስቱ ለዳቦ የሚገባውን ሶዳ ገዝታ ከዱቄቱ ጋር ቀላቀለች፣ ሎሚ ጨመቀችበት። ያ ነገር ገና ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ እያለ ተነፍቶ፣ አረፋ ደፍቆ፣ መሬት ለመሬት ሄደ። "ቢስሚላህ!" ብላ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ጀብሪል ግድግዳ ተደግፎ ነው የሳቀው። እሱን ወዲያው ይቅር አለችው፤ እኔን ግን አኩርፋኝ ሰነበተች።

ጦርነቱ ወደ እኛ የመጣው በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ሚኒባሱም ቆመ። ኅዳር ሲገባ ዘይት የሚባል ነገር በሠፈራችን የቀረው ሁሪያ ቤት፣ ጄሪካን ግርጌ ነበር።

"አንቺ ሴት፣ በዚህ ወጥ ሥሪበት" አልኳት። ልጆቼ ሽሮውን ያለ ዘይት እየበሉ ስለነበር ተናድጃለሁ።

"ወጥ ያለ ዘይትም ይበላል፣ ጥሩወርቅ። ያ ልጅ ግን ሌሊቱን ሲያክ ነው የሚያድረው" አለችኝ።

ዕብድ ነሽ አልኳት። ግማሹን በጣሳ ቀድታ ለልጆቼ ሰጠችኝ፤ በቀረው ድቡልቡሎቿን ሠራች። በኋላ አንድ ብቻ ሲቀራት፣ ሲብስበት ይታጠብበታል ብላ ቆርቆሮ ውስጥ ደበቀችው።

በዚያው ወር ጀብሪልና ጓደኛው ዛኪር ከዘመድ ጤፍ ለማምጣት ወደ ውርጌሳ በእግር ወጡ። በዋናው መንገድ መሄድ ስለማይቻል በማሳ ማሳ ሄዱ። ከባድ መሣሪያ አጠገባቸው ወደቀ። ዛኪር ምንም አልሆነም። ጀብሪልን ሊመሽ ሲል በአህያ ጋሪ ይዞት መጣ።

ሁሪያ ጋሪው ላይ ስትወድቅ ዛኪር ክንዷን ይዞ፣ "ወዲያው ነው ያለፈው፣ እትየ ሁሪያ። ወላሂ አላወቀውም" አላት።

እኛም ሴቶቹ አልተሰቃየም፣ አልተሰቃየም እያልን አጽናናናት። ያችን ቃል ይዛ ነው ያነጋችው።

ሲነጋ ወንዶቹ ግቢዋ ውስጥ ለቀብር ተሰበሰቡ። ሁሪያ ቆርቆሮዋን ይዛ ወደ ሸህ ሙባረክ ሄደች፤ የልጇ ማጠቢያ ውኃ ውስጥ እንዲጨምሩላት ነበር። ሸሁ የሠፈሩ መስጊድ ኢማም ናቸው፤ እርጅናቸው ያጎበጣቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው።

"ሁሪያ፣ በጦር መሣሪያ በግፍ ተገድሎ በቦታው የሞተ ሸሂድ ነው። ሸሂድ አይታጠብም። ከነደሙ ነው የሚቀበር፤ ክብሩ ነው" አሏት።

"ሸህ ሙባረክ፣ አይቆጡኝ" አለች። "ከሕጉ ልጣላ አይደለም የመጣሁት። ሸሂድ ከሆነ አልሐምዱሊላህ። ግን ይሄ ልጅ ሳይታጠብ ሲተኛ ቆዳው ይሰነጠቅበታል። እንደዚያው ሆኖ አፈር ላልብሰው?"

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የሰው ሃይማኖት ውስጥ አልገባም። ያን ጊዜ ግን በሆዴ ሸሁን ተቀየምኳቸው። አንድ ሳፋ ውኃ ምን ይጎዳል አልኩ። እሳቸው ለካ መውጫ እየፈለጉላት ነበር። ጥቂት አሰቡና ወደ አጥሩ ዞሩ፤ ዛኪር እዚያ ቆሟል።

"ልጄ ዛኪር፣ ከተመታ በኋላ ቆይቷል? ውኃ ቀምሷል? እንደዚያ ከሆነ እንደ ማንኛውም ሰው ይታጠባል።"

ዛኪር ሁሪያን አየና አንገቱን ደፋ። ቀና ማለት ሲያቅተው ነገሩ ምን እንደሆነ ሁላችንም ገባን። እሷም ገባት፤ ፊቷ ሲለወጥ አይቻለሁ። የለም ቢል ልጇ ሳይታጠብ ይሄዳል። አዎ ቢል ደግሞ ማታ ይዛ ያደረችው ቃል ውሸት ነው። አምላኬ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ እናት ፊት ይጠየቃል?

"ተናገር፣ ዛኪር" አለችው። "ለእኔ ብለህ አትዋሽ።"

"ቆይቷል" አለ ዛኪር። "ከረፋዱ እስከ አስር ሰላት፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ። ጎትቼ ዛፍ ሥር አስጠጋሁት። ውኃ ሲለኝ ሰጠሁት፣ ደግሞም ጠየቀኝ። ሰው ልጥራ ስለው እጄን አልለቅ አለኝ። በኋላ አንቺን ነበር የሚጠራው።"

ሸህ ሙባረክ ዐይናቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ጠረጉ። "እንግዲያው ይታጠባል" አሉ።

የለመነችውን አገኘች። እኔ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የለመነውን አግኝቶ እንደዚያ የተሰበረ ሰው አላየሁም። መሬት ላይ ቁጭ አለች። ለቅሶም የላት። ወንዶቹ ለማጠቢያ ከጋረዱት መጋረጃ ወዲያ ድስት ጥደው እሳት ማያያዝ ጀመሩ፤ ዛኪርም ከሚያጥቡት አንዱ ሊሆን እጅጌውን ሰበሰበ። ሁሪያ ጠርታው ቆርቆሮውን ከፈተችና ድቡልቡሉን መዳፉ ላይ አኖረችለት። እጁን ግን አልለቀቀችውም።

"ጀብሪል ሌላ ምን ብሎህ ነበር?"

"ተዪው፣ እትየ።"

"ምን አለህ፣ ልጄ?"

"በረደኝ አለ። ኮቴን አለበስኩት፣ አቀፍኩት። በረደኝ ማለቱን ግን አልተወም።"

ሁሪያ እጁን ለቀቀችው። ወደ መጋረጃው ዞራ ለወንዶቹ፣ "ውኃውን ሞቅ አድርጉለት" አለች።