አንድ ሙኒራ እንቁላል

ባለፈው ቅዳሜ ወልቂጤ ገበያ እንቁላል ልገዛ ወጣሁ። ከፊቴ የቆመች ሴት ሻጯን «አንድ ሙኒራ ስጪኝ» አለቻት። ሻጯም ምንም ሳትደናገር ሠላሳ እንቁላል የተደረደረበትን ግራጫ ካርቶን አንስታ ሰጠቻት። ተራዬ ሲደርስ «ለእርስዎስ ጋሼ፣ ግማሽ ነው ሙሉ ሙኒራ?» አለችኝ።

በሰው ስም መንገድ ሲሰየም አይቻለሁ፣ ትምህርት ቤት ሲሰየምም አይቻለሁ። የእንቁላል መስፈሪያ ሲሰየም ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። መሳቅ ነበረብኝ፤ አልሳቅሁም። ከሃያ ዓመት በላይ ተኝቶ የቆየ ነገር ተቀሰቀሰብኝ።

«ካርቶን አይባልም?» አልኳት፣ ሳላስበው ቆጣ ብዬ።

«ያው ነው እኮ ጋሼ። የካርቶኑን ማሽን የሠራችው ሙኒራ የምትባል ሴት ናት ስለሚሉ ነው። ቢወድቅ እንኳ አይሰነጠቅም» ብላ ካርቶኑን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

ሙኒራ ማን እንደሆነች ለእኔ ልታስረዳኝ!

ያን ጊዜ፣ ከሃያ ዓመት በፊት፣ ቡታጅራ ነበርኩ። ወደ ቆሼ ከተማ በሚያወጣው መንገድ ዳር ጋሽ ሸምሱ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ነበራቸው። ከቡኢ መጥቼ እዚያ ስገባ ገና ልጅ ነበርኩ፤ በአራት ዓመት ውስጥ ብየዳውንም ብረት መቅረጫ ቶርኖውንም ለመድኩ። ስሜ የወጣው ግን ስለት በመሳል ነው። ግራኝ ነኝ፤ ግራ እጄ የመሳያውን ግራይንደር ከጨበጠ የማይሰላ ብረት አልነበረም። የከተማው ክትፎ ቤቶች ቢላቸውን ከእኔ በቀር ለማንም አይሰጡም ነበር። ቢላዎቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው ሲመጡ የቅቤና የኮሰረት ሽታቸው አብሯቸው ይገባል፤ ምሳዬን ገና ያልበላሁ እንደሆነ ሥራው ቅጣት ነበር። ጋሽ ሸምሱ ለደንበኛ ሁሉ «ይህ ልጅ ፀጉር ይሰነጥቃል» ይሉልኝ ነበር። ሙያውን የሚረከባቸው ልጅ ስላልነበራቸው ያ ቤት አንድ ቀን የኔ እንደሚሆን በልቤ ቆርጬ ነበር።

ሙኒራ በክረምቱ መግቢያ መጣች። ወልቂጤ ከሙያ ማሠልጠኛ የጨረሰች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ቀጭን ልጅ ናት። በመጣች በመጀመሪያው ቀን ሻይ ሲቀርብ ጋሽ ሸምሱ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእሷ ሰጡ። አራት ዓመት ሙሉ የመጀመሪያው ብርጭቆ የኔ ነበር። ሰው በሻይ ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ያን ቀን ሻዩን ሳልጠጣ አቀዘቀዝኩት፤ ማንም ልብ አላለኝም፣ ይህም አናደደኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሐጂ ኑሪ የሚባሉ የቆሼ እንቁላል ነጋዴ መጡ። «በዚህ መንገድ እንቁላል በጭድ ጭኜ እየተሰበረ ስንቱን ልጠብስ? አሮጌ ወረቀት አለኝ፤ ወረቀቱን አላቁጦ ሊጥ የሚያደርግ ማሽን ሥሩልኝ። ሊጡን በቅርጽ እየጨመቅሁ የእንቁላል ማስቀመጫ አደርገዋለሁ» አሉ።

ማሽኑ ሲያዩት ቀላል ነው። ትልቅ በርሜል፣ ውሃ፣ ከበርሜሉ ሥር ደግሞ በሞተር የሚሽከረከር ባለ ክንፍ ሮተር። ጉዳዩ ሁሉ ያለው ሮተሩ ላይ ነው። ክንፉ ስንት ይሁን? ምን ያህል ያዘንብል? ጠርዙስ? ጋሽ ሸምሱ እኔንና ሙኒራን ጠሩና «ሁለታችሁም የየራሳችሁን ሥሩ። የበለጠውን ለሐጂ እናሳያለን። የሠራው ሰው ከዛሬ ወዲያ የማሽን ሥራውን ይመራል» አሉን።

እኔ እንደ ልማዴ ቸኮልኩ። ከአሮጌ አይሱዙ ባሌስትራ አራት ክንፍ ቆረጥኩ፣ እንደ ምላጭ ሳልኳቸው። በርሜሉ ውስጥ የተጨመረው ደብተርና ካርቶን ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ አጥሚት መሰለ። ጓደኞቼ አጨበጨቡ። ሙኒራ ብቻ ከሊጡ ቆንጥራ በጣቶቿ መሃል አሸችው። በማግስቱ የደረቀውን ካርቶን ጋሽ ሸምሱ ሲያነሱት እንደ ደረቅ ቂጣ እጃቸው ላይ ተፈረፈረ።

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«ከተፍከው» አለች ሙኒራ። «የወረቀት ጉልበቱ ቃጫው ነው። ቃጫው ካጠረ ምን ከምን ይያያዛል?»

ከድር የሚባል በያጅ ነበረን፣ አፉ የማያርፍ። «ክትፎ! ያውም ያለ ቅቤ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሜ ክትፎ ሆነ። ዛሬም ቡታጅራ ብወርድ በእውነተኛ ስሜ የሚጠራኝ የለም።

ሙኒራ በሳምንቱ መጨረሻ አታት አጠገብ ወዳለው ወደ እናቷ ቤት ሄዳ ሰኞ ከቀርከሃ የተሠራ የእንሰት መፋቂያ ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «እናቴ በዚህ ስትፍቅ ሥጋው ይወርዳል፣ ቃጫው ግን ሳይበጠስ ሙሉውን ይቀራል። ስለት ቢኖረው ኖሮ ቃጫ የሚባል ነገር ባላየን» አለች።

ያቃጠለኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔም እኮ የጉራጌ ልጅ ነኝ! እናቴ እንሰት ስትፍቅ ከአጠገቧ ተቀምጬ ነው ያደግሁት፤ በዚያ ቃጫ ጥጃ አስሬበታለሁ። ትምህርት ቤት ብቻ የሚሰጥ ብልሃት ቢሆን «ተምራ ነው» ብዬ እጽናና ነበር። ከኔው ጓሮ ወስዳ ቀደመችኝ።

የሷ ሮተር ክንፎቹ ወደ ኋላ የጎበጡ፣ ጠርዛቸው እንደ ጣት የወፈረና የደነዘ ነበር። የኔን ያህል አይፈጥንም። ወረቀቱን ግን ሳይቆርጥ እያሸ እያሸ ይፈታዋል። የደረቀውን ካርቶን ጋሽ ሸምሱ መሬት ላይ ጥለው በእግራቸው ቆሙበት፤ አልተሰነጠቀም። «ማሻአላህ! የኔ ልጅ!» አሉ። እኔን አንድም ቀን የኔ ልጅ ብለውኝ አያውቁም።

ሐጂ ኑሪ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እንዲመጡ ተቀጠሩ። እኩለ ቀን ላይ ወንዶቹ መስጊድ ሄዱ፤ ሙኒራም ለሶላት ወደ ኪራይ ቤቷ ሄደች። ክርስቲያን እኔ ብቻ ስለነበርኩ ቤቱን እንድጠብቅ ተተውኩ። ካፊያ ነበር፣ ቆርቆሮው ይንሾካሾካል። የሷ ሮተር ባዶው በርሜል ውስጥ ተቀምጧል። ባላውቅ ይሻል ነበር፤ ስለት ወረቀትን ምን እንደሚያደርገው ግን ራሷ አስተምራኛለች። ግራይንደሩን ሰካሁ። የጋለው ብረት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ክንፎቹን እንደወፈሩ ትቼ ከጫፋቸው ብቻ፣ ከላይ ለሚያያቸው እንዳይታይ አድርጌ፣ ስለት አወጣሁላቸው። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ የሳልኩት ነገር የለም።

ሐጂ መጡ፣ ማሽኑ ተነሳ፣ ሊጡ ወጣ፣ ካርቶኑም በከሰል በጋለ ላሜራ ላይ ደረቀ። ሐጂ ከያዙት እንቁላል ስድስት ደረደሩና ከፍ አደረጉት። ካርቶኑ ከመሃል ተከፈተ። ስድስቱም ሲሚንቶው ላይ ፈሰሱ።

«አስተግፊሩላህ» አሉ ሐጂ። «ሸምሱ፣ ለዚህ ነው የጠራኸኝ?»

ጋሽ ሸምሱ ቀና ማለት አቃታቸው። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ የተደፋ አንገታቸውን ሳይ ግን ደስ አላለኝም። ሙኒራ የሞተሩን ገመድ ነቀለችና እጇን በርሜሉ ውስጥ ከተተች፤ ወዲያው ስባ አወጣችው። ከጣቷ ደም ይንጠባጠባል። ጎንበስ ብላ ጠርዙን አየች፣ የግራይንደሩን ጭረት አየች። ጭረቱ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። ከዚያ ግራ እጄን አየች።

አለቀልኝ አልኩ። በዚያ ቤት ግራኝ እኔ ብቻ ነኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ሐጂ» አለች። «ጠርዙን ሳልፈትሽ ነው ያስነሳሁት። አንድ ሳምንት ይስጡኝ።»

ሐጂ እያጉረመረሙ ተስማሙ። ሰው ሲበተን ሞረድ አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው። ጣቷ በጨርቅ ታስሯል።

«የሳልከውን አንተው ታደነዝዘዋለህ» አለችኝ። «በግራይንደር አይደለም፣ በሞረድ።»

«ለጋሽ ሸምሱ ንገሪያቸው» አልኳት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው።

«ብነግራቸው ያባርሩሃል። እጅህ ደግሞ ያስፈልገኛል።»

ስለት በሩብ ሰዓት ይወጣል፤ ማደንዘዝ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እሷ በየመሃሉ እየመጣች ጠርዙን በዚያው በታሰረው ጣቷ ትዳብሳለች፤ «ገና ነው» ትልና ትሄዳለች። በሦስተኛው ቀን ዳበሰችና ሞረዱን ከእጄ ወሰደች። በሳምንቱ ሐጂ ሠላሳ እንቁላል ደርድረው ከፍ አደረጉ፣ አወዛወዙም። አንድም አልወደቀ። ከዚያ በኋላ የማሽን ሥራውን እሷ መራች፣ ጋሽ ሸምሱ ሲያርፉም ቤቱን የተረከበችው እሷ ናት። እኔ ወልቂጤ መጥቼ የራሴን ትንሽ ቤት ከፈትኩ። በሥራ ብቻ በልጣኝ ቢሆን ኖሮ ቶሎ ይወጣልኝ ነበር። ሰው በመሆንም በለጠችኝ፤ ይህን ይቅር ማለት ነው የከበደኝ።

«ያውቋታል እንዴ ጋሼ?» አለችኝ ሻጯ፣ ካርቶኑን ትኩር ብዬ ሳየው።

«የዚያን ሮተር ጠርዝ የሞረድኩት እኔ ነኝ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ውሸት አይደለም። ግን «ለምን መሞረድ አስፈለገው?» ብላ ብትጠይቀኝስ? ዋጥኩት። ሙሉውን እንድትሰጠኝ ነገርኳት።

ቤት ገብቼ እንቁላሉን ወደ ሳህን አወጣሁ፤ ከካርቶኑ ጠርዝ ትንሽ ልቀድ ብዬ ታገልኩ፣ በጭንቅ ተቀደደልኝ። ቁራጩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ባነሳው ረጃጅም ቃጫዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድመው፣ ተያይዘው አየኋቸው። ሙኒራ ናት የሠራችው። ጠርዙን ሦስት ቀን የሞረድኩት ግን እኔ ነኝ። ለምን መሞረድ እንዳስፈለገውም ይኸው ጽፌዋለሁ።