የለይኩን አንድ ዓይን

በለጡን የማውቃት የለይኩን ሚስት ሳለች ነው፤ ኮተቤ ጎረቤታሞች ነበርን። ለይኩን የቅዱሳን ሥዕል እየሳለ ይሸጣል። ይስላል ይባል እንጂ፣ ቀለሙን የምትበጠብጠው፣ ልብሱን፣ ክንፉን፣ ሰይፉን የምትሠራው እሷ ነበረች። እሱ መጨረሻ ላይ ይመጣና ዓይኑን አስገብቶ ስሙን ይጽፍበታል። "ዓይን የሰዓሊ ሥራ ነው፣ አንቺ እንዳትነኪ" ይላታል። እሷም ሞኟ ትሰማዋለች!

ኋላ ካራ ሰፈር ሌላ ሴት ወደደና በለጡን ከቤት አስወጣት። ማስወጣቱስ ይሁን። ሽማግሌዎች ፊት "ሥዕሉን አብረን ነው የሠራነው" ብትል፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? "እሷ ቀለም ቀቢ ናት፤ አጥር ብትቀባም ያው ነው" ብሎ ሳቀ። የኔ ደም ፈላ! እሷ ብሩሾቿን ብቻ ይዛ ወጣች።

ወደ እንጦጦ ራጉኤል መውጫው ላይ የቆርቆሮ ቤት ተከራየችና ለብቻዋ መሳል ጀመረች። ልብሱ አማረ፣ ክንፉ አማረ፤ ዓይኑ ላይ ስትደርስ እጇ አልታዘዝ አላት። ቅዱሳኑ ዓይን ሳይኖራቸው ግድግዳው ላይ ተደረደሩ።

"እውነቱን ይሆን እንዴ? ቀለም ቀቢ ብቻ ነኝ?" አለችኝ።

"እስቲ የራሱን የለይኩንን ዓይን ሳዪው!" አልኳት ተናድጄ።

ሳለችው። ይሁዳ አደረገችው። በአገራችን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉ ሰው ግን ፊቱን አዙሮ በአንድ ዓይኑ ነው የሚሳለው። ያንን አንድ ዓይን በንዴት ስታስገባ እጇ ተፈታ። ያ አፍንጫው፣ ያ ጉረኛ አገጩ፣ ቁርጥ ለይኩን! ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት? የቅዱሳኑንም ዓይን እንደ ጉድ ሠራችው፤ ቆሞ ያየ ሰው ያማትባል። ክፉው ሁሉ ግን ለይኩን ሆነ። ገራፊው ለይኩን፣ ሌባው ለይኩን፣ ሰይጣኑም ለይኩን። ለንግሥ የወጣ የካራ ሰው ሥዕሉን በስልኩ አነሳውና ሰፈሩን አዳረሰው። ለይኩን በሄደበት ሁሉ "አንድ ዓይኑ!" ይሉት ጀመር። እሰይ! ስለቴ የሰመረ ያህል ነው ደስ ያለኝ።

በቀደም መጣ። ቤቱ በገዢ ተሞልቷል። በሩ ላይ ቆሞ፣ "በለጡ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ሁለተኛውን ዓይኔን መልሺልኝ። የሰው መሳቂያ ሆንኩ" አላት።

"መጀመሪያ ሰዓሊው ማን እንደነበር ለዚህ ሁሉ ሰው ንገር።"

ዙሪያውን አየ፤ ላብ አጠመቀው። "አንቺ ነሽ" አለ በሹክሹክታ።

"አልተሰማም።"

"ሰዓሊዋ አንቺ ነሽ! እኔ ስሜን ነው ስጽፍበት የኖርኩት!"

በለጡ ብሩሿን አነሳች። ልትራራለት ነው ብዬ ቆሽቴ አረረ፤ እኔ እንዲህ ያለ ይቅርታ አልወድም። እሷ ግን ብሩሹን ነክራ ወደ ጀመረችው ሥዕል ዞረች።

"ሰዓሊዋ እኔ ከሆንኩማ፣ እንዳየሁህ ነው የምስልህ" አለችው። "ሂድ።"