መታወቂያ ያልያዙት እንግዳ

ሰው ሲያመሰግነኝ "ሕግ አክባሪ ናት" ይለኛል። ቃሉን በሰማሁ ቁጥር አንድ እሑድ ትዝ ይለኛል።

ያደግኩት ቃሊቲ፣ ከወህኒ ቤቱ ብዙ በማይርቅ ግቢ ነው። እናቴ ሦስቱን የሰርቪስ ክፍሎች እስረኛ ለመጠየቅ ከክፍለ አገር ለሚመጡ ሰዎች ታከራይ ነበር፤ ለአንድ ሌሊት፣ ቢበዛ ለሳምንት። ቀበሌ ሲጠይቃት "ዘመዶቼ ናቸው" ትላለች። ከጎጃምም፣ ከባሌም፣ ከወላይታም የሚመጣ ዘመድ! የቀበሌው ሰዎችም እያወቁ ያልፏት ነበር።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነገሩ ጠበቀ። አልጋ የሚያከራይ ሁሉ ፈቃድ ያውጣ፣ የእንግዳ መዝገብም ይያዝ ተባለ። ስም እስከ አያት፣ የመጡበት አገር፣ የመታወቂያ ቁጥር። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩት እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። የቀበሌው ተቆጣጣሪ "መታወቂያውን በዓይንሽ ሳታዪ አንድም ሰው እንዳታሳድሪ" አለኝ። በዚያው ሳምንት ያልተመዘገበ እንግዳ አሳድሯል ብለው የጎረቤታችንን ቤት አሸጉት። በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ስወጣ ስገባ አነበው ነበር።

ከደንበኞቻችን አንዷ ከመንዝ የሚመጡ እናት ነበሩ። ያላቸው አንድ ልጅ ታስሮባቸው፣ በሶና ድርቆሽ ተሸክመው በየሁለት ወሩ ይመጣሉ። ማታ ከመተኛታቸው በፊት "ልጄ፣ ጻፍሽኝ?" ይሉኛል። ስማቸውን በጣቴ ሳሳያቸው "በይ እንግዲህ፣ መኖሬን ወረቀትም አወቀው" ብለው ይስቃሉ።

አንድ እሑድ እናቴ አቃቂ ለቅሶ ሄዳ ብቻዬን ነበርኩ። አሥር ሰዓት ገደማ ሴትዮዋ መጡ። ከአገራቸው በቀጥታ ወህኒ ቤት ሄደው፣ ልጃቸውን ከስቶና ታሞ አግኝተውት፣ ዓይናቸው አብጧል። መታወቂያ ስጠይቃቸው ጉያቸውን ፈተሹና ቁጥር የተጻፈባት ቆርቆሮ አወጡ። ጠያቂ ሲገባ መታወቂያውን በር ላይ አስቀምጦ ያችን ቆርቆሮ ይቀበላል፤ ሲወጣ ይለውጣል። እሳቸው እያለቀሱ ከሰው ጋር ተገፍተው ሳይለውጡ ወጥተዋል። ወዲያው ወደ ወህኒ ቤቱ ሮጠው ተመለሱ፤ ሲደርሱ ግን ተዘግቷል። "ነገ ይምጡ" ብለዋቸው እንደገና እኔ ዘንድ መጡ።

"እማማ፣ ያለ መታወቂያ አልችልም" አልኳቸው። "ነገ ሲያወጡ ይምጡ።"

"የቸገረኝ የዛሬው ነው እንጂ ልጄ። ታውቂኝ የለም እንዴ?"

"አውቅዎታለሁ። ደንቡ ነው።"

አልተከራከሩኝም። ባዶ ስልቻቸውን አነሱና "እሺ፣ አንቺም በእኔ አትቸገሪ" ብለው ወጡ። ይቅር ይበለኝና፣ ያኔ ቅልል ነበር ያለኝ።

እናቴ ሳይመሽ ተመለሰች። ስነግራት ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ወጣች። አልጋ ያለበትን ቤት ሁሉ አንኳኳች፤ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሄደች። ያያቸው አልነበረም። ተመልሳ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከወራት በኋላ አንድ ቀጭን ሰው በራችንን አንኳኳ። የሴትዮዋ ልጅ ነበር፤ ተፈቷል። ሲወጣ የእናቱን መታወቂያ በር ላይ ሰጥተውታል። እሳቸው ሰኞ አልተመለሱም፣ አገራቸውም አልገቡም።

"እህቴ፣ እናቴ የማርፈው እዚህ ነው ትለኝ ነበር። መዝገብ ትይዛላችሁ አሉ። ያን እሑድ እዚህ አድራ እንደሆነ እይልኝ" አለና መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

መዝገቡን ገለጥኩ። እናትየዋ አራት ጊዜ ተጽፈዋል፤ አራቱንም ጊዜ ከስማቸው ጎን ያው ቁጥር፣ በገዛ እጄ። ካርዱን አየሁ፤ ያው ነው። ያን እሑድ ጥቂት ገጽ ወደ ኋላ ብገልጥ ቁጥሩ እዚያው ነበር። ከዚያ ቀድቼ አሳድራቸው ነበር። ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

"መጥታ ነበር?" አለኝ።

"አልመጡም" አልኩት።

እናቴ በሩ ጋ ቆማ ሰምታለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ እሷም አላረመችኝ፣ እኔም አልመለስኩት። ሰውየው መታወቂያውን በሁለት እጁ አንስቶ፣ አመስግኖን ሄደ። አመስግኖን!

ከዚያ ወዲህ እናቴ የሴትዮዋን አልጋ እሑድ እሑድ ለማንም አታከራይም። አንሶላ ትቀይራለች፣ ብርድ ልብሱን ታነጥፋለች። እኔም እሑድ አሥር ሰዓት ሲሆን በሩ የተንኳኳ ይመስለኛል፤ ስከፍት ሰው የለም። አንድ እሑድ ተቆጣጣሪው መጣና አልጋው የማን እንደሆነ ጠየቀ።

"እንግዳ አለው" አለች እናቴ።

"መታወቂያውስ?"

"ልጃቸው ጋ ነው።" ወደ እኔ ዞራ "ጻፊያቸው" አለችኝ።

ጻፍኳቸው። ቁጥሩን ለማየት ወደ ኋላ አልገለጥኩም፤ በቃሌ ነበር፣ ዛሬም በቃሌ ነው።