በሊበን ላይ የሚስቅ ጠፋ

ሀያቱ የክፍሏን ልጆች አንድ በአንድ ሰድባ ጨርሳለች። የቀራት ሊበን ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኬንያዋ ሞያሌ፣ ሀያቱ በምትማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የቆየ ልማድ አለ። የፎርም ፎር ተማሪዎች የመጨረሻውን አገር አቀፍ ፈተና ሊፈተኑ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው የጸሎት ቀን ይደረጋል። ወላጆች ይመጣሉ። እስክሪብቶው፣ ማስመሪያው፣ ኮምፓሱ ሁሉ በአንድ ትልቅ ሳፋ ተሰብስቦ ሼኩም ፓስተሩም በየተራ ይጸልዩበታል። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ተሰናባች ታሪክ በድምፅ ማጉያ ይነበባል። ታሪክ ይባል እንጂ የለየለት ስድብ ነው። ሕጉ ሦስት ነገር ብቻ ይከለክላል፦ ወላጅ አይነካም፣ ድህነት አይነካም፣ በሽታ አይነካም። የተረፈው ሁሉ ለጸሐፊው የተፈቀደ ነው። የዘንድሮዋ ጸሐፊ ሀያቱ ናት። የመረጧት ስለሚወዷት አይደለም፤ ሌላ ሰው ቢመርጡ እሷ ከሥር ሆና ምን እንደምትል ስለሚያውቁ ነው።

ደግሞም አላሳፈረቻቸውም። ስለ ደወል ደዋዩ ስለ ጃልደሳ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ "ጃልደሳ ሰዓት የለውም። ደወሉን የሚደውለው ሆዱ ሲጮኽ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ የምሳ ሰዓታችን ከሰባት ሰዓት ወደ ስድስት ተኩል መጥቷል። አንድ ዓመት ቢደግም ምሳና ቁርስ ይገናኙ ነበር።" ስለ ሻምሳ ደግሞ፦ "ለፈተናው አሥራ አንድ የመልካም ዕድል ካርድ ደርሷታል፤ ሲከፈቱ የሚዘፍኑት ዓይነት። የስድስቱ የእጅ ጽሑፍ የራሷ ነው። አንዱ ላይ 'ውድ ሻምሳ፣ ከእኔ አብልጦ የሚወድሽ የለም' ይላል። ይህ እንኳ እውነት ነው።" ከታች ኬንያ፣ ከመሀል አገር፣ ተዛውሮ ለመጣው ለፖሊሱ ልጅ ለማርዋ ሙሉ ገጽ ነው የሰጠችው፦ "ማንያታ ሰፈር ውስጥ ማርዋ ያልበላበት ሰርግ የለም። የሙሽራዋ ወገን ሲጠይቁት የሙሽራው ዘመድ ነው፤ የሙሽራው ወገን ሲጠይቁት የሙሽራዋ። አንድ ቀን ሁለቱም አንድ ላይ ያዙትና ጨነቀው፤ ቪዲዮ አንሺ ነኝ ብሎ ባትሪ በሌለው ስልክ ቀኑን ሙሉ ሲቀርጽ ዋለ።"

ሊበን ዘንድ ስትደርስ ግን ብዕሯ ተሳሰረ።

ሊበን ሠላሳ ዓመቱ ነው። ሞያሌ አጠገብ ቡቲዬ ተወልዶ፣ ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሶ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሊገባ ሲል አባቱ ሞተ፤ ያን ዓመት ድርቁም ከብቱን ጨረሰው። ልጁ የሰው ከብት ነዳ፣ ሞተር ብስክሌት ነዳ፣ በመጨረሻ የፍየል ደላላ ሆነ። አማርኛውን የለመደው ከድንበሩ ማዶ ከሚመጡት ነጋዴዎች ነው። ፎዚያን አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላው አንድ መንጋ ፍየል መድኃኒት ተሰጥቶት በማግስቱ አለቀ፤ ለካ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ልክ አንብቦ የተረዳ ሰው አልነበረም። ሊበን ያን ጠርሙስ ቤቱ ወሰደው። የዚያን ጥር የድሮውን የስምንተኛ ክፍል ወረቀቱን ይዞ፣ ግራጫ ሱሪና አረንጓዴ ሹራብ ገዝቶ፣ የከብት ሐኪም እሆናለሁ ብሎ ከአሥራ አራት ዓመት ልጆች ጋር ፎርም ዋን፣ ማለትም ዘጠነኛ ክፍል፣ ገባ።

እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት አድርገህ ትሰድበዋለህ? ክፍሉ በሙሉ ምዜ ነው የሚለው፤ ሽማግሌው እንደ ማለት ነው። የሒሳብ መምህሩ፣ ምዋሊሙ ዴኒስ እንኳ በአራት ዓመት ስለሚያንሰው ሲጠራው ድምፁ ይለሰልሳል። ስለዚህ ሀያቱ ለሊበን ብቻ ቁም ነገር ጻፈች። ከሌሎቹ ለይታም አስቀድማ ልታሳየው ሰኞ ከሰዓት ውኃ ማጠራቀሚያው ጥላ ሥር አገኘችው።

ሊበን ወረቀቱን ተቀብሎ ቀስ ብሎ አነበበ። "ሊበን የጽናት ተምሳሌት፣ የትዕግሥት አርአያ፣ ለታናናሾቹ የሚያበራ ሻማ..." ይላል። ጨርሶ አጠፈውና መለሰላት።

"ሀያቱ፣" አለ በአማርኛ። ሁለቱ፣ ሌሎቹ ልጆች እንዳይሰሟቸው ሲፈልጉ፣ የሚያወሩት በአማርኛ ነው፤ የእሷ እናት ከማዶ ጨርቅ የምታመጣ ነጋዴ ናት። "መቼ ነው የሞትኩት?"

"እንዴ! ምን ማለትህ ነው፣ ጋሼ ሊበን?"

"ይሄ እኮ የቀብር ነው። ደግ ሰው ነበር፣ ታጋሽ ነበር። ፎዚያ ብትሰማው ኡኡ ብላ ታለቅሳለች።"

"አክብሬህ ነው!"

"አውቃለሁ። ሁሉም ያከብረኛል። አራት ዓመት ሙሉ ስከበር ሰለቸኝ። ኳስ ሲጫወቱ እኔን ዳኛ ያደርጉኛል። ከክፍሉ ጀርባ ተሰብስበው ሲሳሳቁ እኔ ብቅ ካልኩ ወሬው ያልቃል። ማርዋ ጫማውን ያልደበቀበት ልጅ አለ? የእኔን አንድ ቀን ነክቶት ያውቃል? እኔ እዚህ የመጣሁት ተማሪ ልሆን ነው። ቅዳሜ በጸሎቱ ቀን ይሄ ከተነበበ እንግዳ ሆኜ ገብቼ እንግዳ ሆኜ ወጣሁ ማለት ነው። ሌላ ቀን የለኝም፣ ሀያቱ።"

"እሺ፣ ምን ብዬ ልጻፍ? ንገረኛ።"

"እኔ ነኝ የምነግርሽ? የጃልደሳን ማን ነገረሽ? አይተሽ ነው። እኔንም እዪኝ።"

ሀያቱ አፈረች፤ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ጃልደሳ በየትኛው ጥርሱ እንደሚያኝክ ታውቃለች። አራት ዓመት ከጀርባዋ የተቀመጠው ሰው ግን ምን እንደሚያስቀው እንኳ አታውቅም። ማክበር የመሰላት ነገር ዞር ብሎ አለማየት ነበር።

ማክሰኞ ዞር አለች። ሊበን ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ መነጽሩ ያበራል፤ ምዋሊሙ ዴኒስ በተናገረ ቁጥር ራሱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። መምህሩም ደስ ብሎት ትምህርቱን በሙሉ ወደ እሱ ዞሮ ነው የሚያስተምረው። ሀያቱ አንገቷን አስግጋ በመነጽሩ ጎን አየች። ዓይኑ ተከድኗል! ሰውዬው ተኝቷል። ሌሊት ከብት እየነዱ ሲሄዱ ማንቀላፋት የለመደ ሰው፣ ራሱን እየነቀነቀ ሎጋሪዝምን በእንቅልፉ ይከታተላል። ሀያቱ አፏን ያዘች።

ረቡዕ የከብት ገበያ ነበር። ከትምህርት በኋላ ሄደች። ሊበን የትምህርት ቤቱ አርማ እንዳይታይ ሹራቡን ገልብጦ ለብሶ፣ ነጅመዲን ከሚባል ከማዶ የመጣ ነጋዴ ጋር ቆሟል። እጆቻቸው በአንድ ኩታ ሥር ተያይዘዋል። ድምፅ የለም። አንዱ ጣት ይጨብጣል፣ ሌላው ያስለቅቃል፣ ፊታቸው ስለ ዝናብ የሚያወሩ ሰዎች ፊት ነው። ዋጋው እንዲህ በጨርቅ ሥር የሚነጋገረው በዙሪያው የቆመ ሁሉ እንዳይሰማ ነው። ይህን ሞያሌ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሀያቱም ብዙም አልገረማት። የገረማት በማግስቱ ነው።

ሐሙስ የሒሳብ መለማመጃ ፈተና ነበር። ሊበን ሁለት እጁን ከሹራቡ ሥር አስገብቷል። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው፣ ሆዱ አካባቢ አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። ምዋሊሙ ዴኒስ ሁለት ጊዜ አልፎት ሄደ፤ በሦስተኛው አላስቻለውም።

"ይቅርታ፣ ምዜ። ከሹራቡ ሥር ያለውን ያሳዩኝ?"

ሊበን ሹራቡን ገለጠ። ወረቀት የለም፣ ስልክ የለም። ቀኝ እጁ የግራውን ሁለት ጣት አጥብቆ ይዟል።

"ምን እያደረጉ ነው?"

"እያሰላሁ ነው፣ ምዋሊሙ።"

ማርዋ ቢሆን ክፍሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ለሊበን ሲሆን ሁሉም ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። ሀያቱ ብቻ እጅጌዋን ነከሰች፤ ገብቷታል። ሰውዬው ከፈተናው ጋር እየተገበያየ ነው።

ከዚያማ ማን ያቁማት። ዓርብ ማንያታ ወደ ሊበን ቤት ሄዳ ሚስቱን ፎዚያን አገኘቻት። የመጣችበትን ስትነግራት ፎዚያ ልብስ ማጠቡን ትታ እጇን አደረቀች፤ "የት ነበርሽ እስከ ዛሬ!" ብላ ከሣጥን ውስጥ የአራት ዓመቱን የውጤት ወረቀት፣ ሪፖርት ፎርሙን፣ አወጣች። ሀያቱ የወላጅ አስተያየት የሚለውን ቦታ አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ቅዳሜ ድንኳኑ ሞላ። ጸሎቱ አለቀ፣ ሳፋው ተነሣ፣ ሀያቱ ድምፅ ማጉያውን ያዘች። ጃልደሳ ተሰደበ፣ ሻምሳ ተሰደበች፣ የማርዋ አባት ኮፍያው እስኪወድቅ ሳቀ። የሊበን ስም ሲጠራ ግን ሁሉም ለአክብሮት ተስተካክሎ ተቀመጠ። ከቡቲዬ የመጡት የሊበን እናት በትራቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። የሀያቱ እናት ሀቢቦ ከኋላቸው ሆና ልጇን በዓይኗ ተቆጣች፤ ትልቅ ሰው እንዳትደፍሪ ማለቷ ነው። ብትሳሳትና ሰው ባይስቅ፣ አንድ የተከበረን ሰው በእናቱ ፊት ማዋረድ ይሆናል። ሊበንን አየችው። ጨርሶ አይፈራም፤ የሚጠብቅ ፊት ነው ያለው። ጀመረች።

"ሊበን ሒሳብ አይሠራም፤ ይደራደራል። ኤክስ ስንት ነው ሲባል መጀመሪያ ዝቅ አድርጎ ይሰጣል። ጥያቄው እምቢ ካለ ትንሽ ይጨምራል። የመጨረሻው ዋጋ ላይ ሲደርሱ ሰዓቱ ያልቃል። ምዋሊሙ ዴኒስ፣ ሊበን ትምህርትህ እየገባው ራሱን የሚነቀንቅ መስሎህ ከሆነ አዝናለሁ፤ አራት ዓመት ሙሉ ያስተማርከው የተኛ ሰው ነው።"

ማንም አልሳቀም። ሀያቱ ቀጠለች።

"ወላጅ አይነካም ይላል ሕጋችን። ችግሩ ሊበን የራሱ ወላጅ ነው። ሪፖርት ፎርሙን ራሱ ይፈርማል። በፎርም ቱ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ 'ልጁ ጠባዩ መልካም ነው። ሒሳብ ላይ ግን ይሰንፋል። ቤት ውስጥ እመክረዋለሁ።' በፎርም ስሪ ደግሞ፦ 'መክሬው አልሰማም። ሁለት ሳምንት ኳስ እንዳያይ ቀጥቼዋለሁ።' ፎዚያ እንደምትለው ከሆነ በሦስተኛው ቀን ተደብቆ ሲያይ ራሱን ይዟል።"

መጀመሪያ የፈነዳው ምዋሊሙ ዴኒስ ነው። ከዚያ ማርዋ፣ ከዚያ አግዳሚዎቹ በሙሉ። የሊበን እናት ስዋሂሊ ስለማይሰሙ አጠገባቸው የተቀመጡት አዛውንት በኦሮምኛ አስረዷቸው፤ በዚያ ምክንያት ሳቁ ሁለት ጊዜ መጣ። እናት በትራቸውን መሬት እየመቱ "ዱጋ! ዱጋ!" አሉ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው፤ በልጅነቱም ጥፋቱን ራሱ ተናግሮ ራሱ ያለቅስ ነበር ብለው ጨመሩበት። ሊበን ከመቀመጫው ተነሣ። "ውሸት ነው!" ብሎ ጮኸ። "በሁለተኛው ቀን ነው የያዝኩት!" ሀያቱ ወረቀቱን አጥፋ ስትቀመጥ ከደስታዋ ብዛት እንባ መጣባት።

ከዚያ ፒላው፣ የቅመም ሩዙ፣ ቀረበ፤ ለተሰናባቾቹ የታረደው ፍየልም በየሳህኑ ተደለደለ። ሊበን እናቱን እጃቸውን ሊያስታጥብ ሄዶ ሲመለስ ሳህኑ ላይ ሩዝ ብቻ ነበር።

"ሥጋዬስ?" አለ።

ጃልደሳ የድንኳኑን ጣሪያ ይመረምራል። ሻምሳ ቦርሳዋ ውስጥ የጠፋባትን ነገር ትፈልጋለች። ማርዋ፣ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ፣ "ወላሂ እኔ አይደለሁም" ብሎ ማለ።

"ሥጋዬን ማን ነው የበላው? እናንተ ሌቦች!"

እየጮኸ በየሳህኑ ጎነበሰ፤ የማርዋን ጆሮ ያዘ፤ ጃልደሳን አፍህን ክፈት አለው። ያ ረጋ ያለ ሰው፣ ያ ምዜ፣ ድንኳኑን አንድ ዙር ሮጠ። ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር፤ ጩኸቱን ሰምተው የመጡት ሁለት ወላጆች ምን አግኝቶ ነው ብለው ጠየቁ። በመጨረሻ ሀያቱ ፊት መጥቶ ቆመ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"አንቺ ነሽ?" አላት።

የሀያቱ አፍ ሞልቶ ስለነበር መናገር አልቻለችም፤ ራሷን ብቻ በአዎንታ ነቀነቀች።