ጥሩንባ የተነፋለት የመጽሐፍ ውይይት

ሐይቅ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊዬ አንድ ማርከርና አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ አስረከበኝ። ማርከሩ ደርቋል። ሰሌዳው ላይ ከኔ በፊት የነበረው ሰው «በቅርብ ቀን» ብሎ ጽፎ ሄዷል። በቅርብ ቀን ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም።

እስከዚያ ድረስ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበርኩ። ለውጥ መጣ ተባለ፤ ከለውጡ ጋር አዲስ መዋቅር መጣ፤ ከመዋቅሩ ጋር ድልድል መጣ። ድልድሉ ሲለጠፍ ስሜን እንደለመድኩት ከበሬዎቹ ጋር ብፈልገው ጠፋ። «የኩነት ዝግጅት ባለሙያ» ተብዬ ከመጻሕፍቱ ጋር ተገኘሁ። ቅሬታ ላቀርብ ሄጄም ነበር። ቅሬታ ሰሚው ራሱ በድልድሉ ሌላ ቦታ ተወስዷል።

ኃላፊዬ ልጄ ሊሆን የሚችል፣ ጨዋ ወጣት ነው። ቀድሞ ምን እሠራ እንደነበር ጠየቀኝ። ከብት እከትብ ነበር አልኩት።

«እንግዲያው ሰው መሰብሰብ ያውቃሉ» አለኝ።

ከብት በገመድ ተስቦ እንደሚመጣ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት።

ሥራው እንዲህ ነው። የወሩ ፕሮግራም ይወጣል፤ በሦስት ቅጂ ይጻፋል፤ ኃላፊው ይፈርምበታል፣ ማህተም ያርፍበታል። አንዱ በራችን ላይ፣ አንዱ መናኸሪያው፣ አንዱ ገበያው ጥግ ይለጠፋል። የገበያው ውሎ አያድርም፤ በርበሬ የምትሸጠው ሴትዮ ትጠቀልልበታለች። በዚህ መንገድ ፕሮግራማችን በየቤቱ ገብቷል። በርበሬው ሲያልቅ ያነበበው ይኖር እንደሁ እንጃ።

የምለጥፈው ብዙ ነው፦ የልጆች ተረት፣ የመጽሐፍ ውይይት፣ የአዋቂዎች ንባብ ትምህርት፣ የድሮ ፎቶ ዐውደ ርእይ። ሰው ግን አይመጣም። አንዴ ጡረታ የወጡ መምህር ስለ አምባሰል ታሪክ እንዲናገሩልን ከውጫሌ ጋበዝን። ክራባት አስረው መጡ። አዳራሹ ውስጥ እኔና ዘበኛው ብቻ ነን። መምህሩ ሳይሸማቀቁ «ክቡራትና ክቡራን» ብለው ጀመሩ። እኔ ክቡራን ሆንኩ፤ ክቡራት ለዘበኛው ደረሰው። ሪፖርቴ ላይ «ተሳታፊዎች በጽሞና ተከታትለዋል» ብዬ ጻፍኩ። ዘበኛው ተኝቶ ስለነበር ጽሞናው ውሸት የለበትም።

ማስታወቂያዬን ከልቧ የምታነብ አንዲት ሴት ነበረች፤ ዘሀራ። ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ ጂዳ ወርዳ፣ ዕድሜዋን ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ዓረብኛውን ታንበለብለዋለች፤ የአማርኛው ፊደል ግን ጠፍቶባታል። ሰሌዳው ፊት ትቆምና ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሻገረች «የአ…ዋ…ቂ…ዎች» ትላለች። ጂዳ ሳለች ወረቀት ሁሉ በአውራ ጣቷ ነበር የምትፈርመው። አሁን ያንን ጣት ማየት አስጠልቶኛል አለችኝ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ደብተሯን ይዛ ትመጣለች። ሌላ ተማሪ አይመጣም፤ በደንቡ ደግሞ ለአንድ ሰው ትምህርት አይከፈትም።

«አያ ይመር፣ ይሄ ቅዳሜ እያሉ የሚጽፉት የየት አገር ቅዳሜ ነው?» አለችኝ አንድ ቀን። «የሐይቅን ቅዳሜ ሁሉ እኔ ጨርሼዋለሁ።»

«አብሽሪ፣ ይከፈታል» አልኳት። አብሽሪ ለማለት ፊርማም ማህተምም አያስፈልግም።

በዚህ መሀል ኃላፊዬ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። አዳራሹ ባዶውን ከሚቀመጥ የማዳበሪያ መጋዘን ይሁን ተብሏል። ከዞን ኮሚቴ ይመጣል፤ በሚቀጥለው ፕሮግራም ሰው ካገኘ አዳራሹ የኛ ነው፤ ካላገኘ ማዳበሪያው ይገባል።

«ማዳበሪያው ቢያንስ ቁጭ ብሎ ይውላል» አለኝ።

የሚቀጥለው ፕሮግራም የመጽሐፍ ውይይት ነበር። መጽሐፉ ስለ ንብ ማነብ ነው፤ የመረጥነው ብዙ ቅጂ ያለን እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። እኔ የታየኝ ግን ዘሀራ ናት። ማዳበሪያ ከገባ ያቺ ሴት ደብተሯን ይዛ የምትቆምበት በር እንኳ አይኖርም።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚሰማው አንድ ጥሪ እንዳለ ያኔ ትዝ አለኝ፤ የቅሬያችን ጥሩንባ። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ይቀብርበታል፣ አንድ ላይ ያለቅስበታል። ጥሩንባ ነፊው አያ ታደሰ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ጫማ ይሰፋል። ሄጄ ለመንኩት። ጥሩንባው የቅሬው እንጂ የኔ አይደለም አለ። ለአንድ ቀን ብቻ፣ አጠር አድርገህ አልኩት። አጠር ያለ የለውም አለ። ከነፋህ በኋላ የመጽሐፍ ውይይት መሆኑን ጮክ ብለህ ትናገራለህ፣ አለቀ አልኩት። የጫማውን ሶል ሰፍቶ ጨረሰና፣

«ይመር፣ እኔ ከነፋሁ በኋላ የምለውን ቆሞ የሚሰማኝ የለም» አለ።

እያጉረመረመ ግን እሺ አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ በውይይቱ ዕለት ጠዋት ገባኝ።

ጥሩንባው ተነፋ። ታደሰ እንደተስማማነው «በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ» ብሎ ሳይጨርስ ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሊሞት የሚችል ሽማግሌ አንድ ብቻ ነው፤ እኔ ነኝ። ሚስቴን ሊያጽናኑ የሄዱት «አሁን ቁርሱን በልቶ ወጣ» ብትላቸው «ወየው፣ አላመነችም» ብለው አቀፏት።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንግዳ እቀበላለሁ። የመጀመሪያዋ ጎረቤቴ እትዬ ሀዋ ነበረች። «ይመሬ፣ ያ ሳቂታው» እያለች ደረቷን እየደቃች መጣች፤ ቀና ስትል እኔ ነኝ። ግን ጀምራዋለችና ለቅሶውን እስከ መጨረሻው ወሰደችው። ስለ ደግነቴ የተናገረችውን እኔም አላውቀውም ነበር። ኋላዋ ድንኳኑ መጣ፣ አግዳሚው መጣ፣ ንፍሮው ከነጎላው መጣ። ወንዶቹ ድንኳኑን ደጁ ላይ ተክለው፣ አስከሬኑ የት ነው ብለው እኔኑ ጠየቁኝ።

የቅሬው ዳኛ አባ ሙሄ ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አልሞትክም?»

«አልሞትኩም አባ ሙሄ፣ የመጽሐፍ ውይይት ነው።»

«አጃኢብ ነው» አሉ። «እንግዲህ ቅሬው ወጥቷል፤ ድንኳን ተተክሏል። እንዲሁ በትኜ አልሰደውም። ሁላችሁም ግቡ፤ የሚነበብ ካለው ያንብብልን።»

ሰዉ አዳራሹን ሞልቶ ደጁ ድረስ ተቀመጠ። ያን ጊዜ የዞኑ መኪና ደረሰ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሲገባ ግማሹ ሰው ዓይኑን ይጠርጋል፤ እትዬ ሀዋ ገና ትንሰቀሰቃለች። ኃላፊዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ምን እንዳደረግሁ ጠየቀኝ። ሰው ሰበሰብኩ አልኩት።

እኔ ማንበብ ነበረብኝ፤ የቁም ለቅሶዬን አልለመድኩምና መጽሐፉን ዘቅዝቄ ያዝኩት። ዘሀራ ከኋላ ተነሥታ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችው። አንዷን አረፍተ ነገር ለመጨረስ ብዙ ደከመች። ግን ለለቅሶ የተቀመጠ ሰው አይቸኩልም። አንዱን ፊደል ስታጣው ከወዲያ የሚነግራት አለ፤ ከወዲህ «ተዋት፣ ራሷ ታገኘዋለች» የሚል አለ። ስለ ቀፎ አቀማመጥ ያለውን እንደጨረሰች ከአምባሰል የመጡ አንድ ገበሬ ተነሥተው መጽሐፉ ተሳስቷል አሉ። ሌላው አልተሳሳተም አለ። ንፍሮው እየታደለ እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከሩ።

ሰብሳቢው ሲወጣ የኃላፊዬን እጅ ጨበጠ። የንብ መጽሐፍ ሰውን እንዲህ ሲያስለቅስ አይቼ አላውቅም አለው። ማዳበሪያው ሌላ ቤት ተፈለገለት። ከዚያው ለቀስተኛ ሴቶች መሀል ደብተር ገዝተው የመጡ ተገኙና፣ የአዋቂዎች ንባብ ትምህርት በቅዳሜው ተከፈተ።

እኔ ግን ቅሬው ፊት ቀረብኩ። አባ ሙሄ ፍርዱን ሲሰጡ አልሳቁም።

«ይመር አንድ ጊዜ ተለቅሶለታል፣ ንፍሮውም ተበልቷል። ሲሞት ሁለተኛ ጥሩንባ አይነፋለትም።»

ሚስቴ ይግባኝ እንድጠይቅ ብትገፋፋኝም፣ ይግባኙ የሚሰማው ከሞትኩ በኋላ ስለሆነ ተውኩት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ ሰዉ መጣ፤ ከቆቦና ከወልድያ በኩል የተፈናቀለው አዳራሻችን ውስጥ አረፈ። ከግብርና መደርደሪያው ሥር ገበሬዎች፣ ከልጆች መጻሕፍቱ ሥር እናቶች ተኙ። ኃላፊዬ ያንን ጊዜም ሪፖርት ተጠየቀና፣ የተጠቃሚ ቁጥር መጨመሩን ጻፈ። ቀጥሎ ተኩሱ ሐይቅ ደረሰና እኛም ተፈናቃይ ሆንን። እኔና ሚስቴ፣ ዘሀራ፣ አያ ታደሰም ከነሚስቱ ወደ አርዲቦ ሐይቅ ገጠሮች ገብተን የገበሬ ቤት ተጠጋን። ታደሰ ቤቱን ሲተው ጥሩንባውን ይዞ ወጣ። ዱቄቱን ረስቶታል። ሚስቱ መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ስትነግረው ነበር።

ታደሰ ስኳር በሽታ ነበረበት። መድኃኒቱ አለቀ፤ መንገዱ ዝግ ነው። እዚያው አርዲቦ ሞተ። ያገሬውን ሰው ቀብር ሁሉ የጠራ ሰው ራሱ ያለ ጥሩንባ ተቀበረ፤ ድምፁ መሣሪያ የያዘ ሰው ይጠራብናል ብለን ፈራን። የቀበርነው በጣም ጥቂት ሆነን ነው። ሚስቱ ጥሩንባውን ለኔ ሰጠችኝ። ወሬኛ ስለሆንኩ ይመጥነኛል ብላ ነው መሰለኝ።

ጦሩ ወጥቶ ስንመለስ አዳራሹ በር የለውም። መደርደሪያው ለማገዶ ሄዷል፤ ወንበር የለም። የንብ መጽሐፉ ብቻ ብዙ ቅጂው ተርፏል። ሰሌዳዬም እዚያው ተሰቅሏል፤ «ቅዳሜ፦ የአዋቂዎች ንባብ ትምህርት» የሚለው ጽሕፈቴም አልጠፋም። ዘሀራ ፊቱ ቆመች። አሁን ጣቷን አላሻገረችም፤ አንድ ጊዜ አየችውና አነበበችው።

«ቅዳሜ ነገ ነው አያ ይመር» አለች።

«ሰው የት አለ? ወንበርስ?»

«ጥሩንባው እርስዎ ጋ አይደል?»

በማግስቱ ነፋሁት። ያመመው በሬ ድምፅ ነው የወጣው፤ ከብት መክተቤ ያኔ ጠቀመኝ። ሰዉ ግን ወጣ። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አግዳሚውን ተሸክሞ መጣ። አባ ሙሄ እኔን ደጃፉ ላይ ሲያዩኝ መቋሚያቸውን አነሡ።

«ደግሞ የምን መጽሐፍ ነው?»

«ታደሰ ነው አባ ሙሄ። ያኔ አልተነፋለትም።»

መቋሚያቸውን አወረዱ። ገብተው ተቀመጡ። እትዬ ሀዋ የታደሰን ለቅሶ ጀመረች። እሷ ስትደክም ከወዲያ አንዱ የወንድሙን ስም አነሣ፣ ከወዲህ አንዷ የልጇን። በጦርነቱ ያለ ጥሩንባ የተቀበረው ብዙ ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀመጥን። ሊበተን ሲል ዘሀራ የታደሰን ስም ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ ሥሩ ደግሞ «የሚቀጥለው ቅዳሜ፦ ንባብ» ብላ ጨመረች። አባ ሙሄ እንድታነብላቸው ጠየቋት። አነበበችላቸው። የመጣው ሰው አግዳሚውን አዳራሹ ውስጥ ትቶት ሄደ፤ ዛሬ ተማሪዎቹ የሚቀመጡት በሱ ላይ ነው።

ስንወጣ ያ የኔ ፍርድ አይነሣም ወይ ብዬ አባ ሙሄን ጠየቅኋቸው።

«መጀመሪያ ሙትና እናየዋለን» አሉኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰሌዳውን የምትጽፈው ዘሀራ ናት። በዚህ ሥራ ለምትቀጠሩ የምነግራችሁ ይህን ነው፦ ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት ያገሩ ሰው በምን ጥሪ ከቤቱ እንደሚወጣ ጠይቁ። ከወጣ በኋላ ብዙ ይቀመጣል፤ መቀመጫ አዘጋጁለት።